ሁለት ፊደል በአንድ ሰርቨር

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ኑሮ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ልጆች በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ይማራሉ፤ ከክልሉ ዋና ከተማ ከባሕር ዳር የሚመጣው ደብዳቤ በግዕዝ ፊደል ነው። በዞኑ ዋና ከተማ በከሚሴ የሚወጣ ማስታወቂያ ለሁሉም እንዲደርስ ከተፈለገ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መጻፍ አለበት። ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ ደዋ ሀረዋን፣ አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን የሚያቅፈው ይህ ዞን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ457 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው።

እንዲህ ያለ አካባቢ የራሱን ድረ ገጽ ላቁም ብሎ ሲነሣ ሌላው ዓለም የሄደበትን መንገድ ይከተላል። ሊነክስ የተጫነበት ሰርቨር ይከራያል፤ በላዩ ላይ ዎርድፕሬስን፣ ጁምላን ወይም ድሩፓልን ይጭናል። የአጫጫን መመሪያ በሽ በሽ ነው። መመሪያዎቹ የተጻፉት ግን በአንድ ፊደል ለሚጽፍ፣ በዶላር ካርድ ለሚከፍልና ኔትወርክ ለማይቋረጥበት ሰው ነው። ከሚሴ ላይ ሥራው የሚለየው መመሪያዎቹ በዝምታ በሚያልፏቸው ቦታዎች ላይ ነው፤ ይህም ዳሰሳ የሚያተኩረው በእነሱ ላይ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ ድረ ገጽ ለምን ያስፈልጋል? በአገሪቱ ያሉ ብዙ የዞንና የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ፌስቡክና ቴሌግራም ይበቁናል ብለው ኖረዋል። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው፣ ያለ ቪፒኤን የማይከፈቱ ሆነው ነበር። መረጃውን ሁሉ እነዚህ መድረኮች ላይ ብቻ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት በዚያ ጊዜ ቪፒኤን ለሌለው ባለጉዳይ ምንም ማሳየት አልቻለም። ሌላው ምክንያት ፍለጋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣን መመሪያ በፌስቡክ ላይ ማግኘት ከባድ ነው፤ በርዕስና በቀን በተደራጀ ድረ ገጽ ላይ ግን የደቂቃ ሥራ ነው።

የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለው ፕሮግራም የጸሐፊውን ሥራ ከኮድ ጸሐፊው ሥራ ይለያል። የኮሙኒኬሽን ባለሙያዋ በፓስወርዷ ገብታ ርዕስና ጽሑፍ ትሞላለች፣ ፎቶ ትጨምራለች፣ «አትም» የሚለውን ትጫናለች። የቀረውን ፕሮግራሙ ይሠራዋል። ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 በማት ሙለንዌግና በማይክ ሊትል የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ ድረ ገጾች ከመቶ አርባ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በእሱ ነው። ድሩፓል በ2001፣ ጁምላ በ2005 ወጡ። ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ፤ ሦስቱም የሚቆሙት በአራት ምሰሶ ላይ ነው፦ ሊነክስ፣ አፓቺ ወይም ኢንጂንኤክስ፣ ማይ ኤስኪውኤል ወይም ማሪያ ዲቢ፣ እና ፒኤችፒ። ለአራቱም የፈቃድ ክፍያ የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያኖርበት ዲጂታል ማከማቻ የተሠራው ዲስፔስ በተባለው ነጻ ሥርዓት ነው። የአገሪቱን የምርምር መጽሔቶች በአንድ ቦታ የሚያወጣው የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ደግሞ ኦጄኤስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ይጠቀማል። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ነጻ ሥርዓት ነው። አዲስ ስታንዳርድ በዎርድፕሬስ ይታተማል፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ በሚዲያዊኪ ላይ ቆሟል። ይህ ሁሉ ሲታይ ዎርድፕሬስን መጫን ለአንድ ዞን አይሲቲ ባለሙያ የማይደረስበት ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

መጫኑ ራሱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ባለሙያው ከርቀት በሚያስገባው በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ ይገባል። ኡቡንቱን ከመረጠ ለአምስት ዓመት የጥገና ዋስትና ያለውን ዕትም ይወስዳል፤ 24.04 ከእነዚህ አንዱ ነው። መጀመሪያ ሥርዓቱን ያድሳል፤ ቀጥሎ አፓቺን፣ ማሪያ ዲቢንና ፒኤችፒን ከነተጨማሪዎቹ ይጭናል። ከተጨማሪዎቹ መካከል ኢንትል የሚባለውን መርሳት የለበትም፤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ለድረ ገጹ ብቻ የሚሆን ዳታቤዝና ከዚያ ዳታቤዝ ውጭ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ ዎርድፕሬስን አውርዶ በቦታው ይፈታል፣ የዳታቤዙን ስምና ፓስወርድ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ይጽፋል። የቀረው በብሮውዘር የሚሞላ አንድ ቅጽ ነው።

እዚህ መሀል ብዙዎች የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ። ፎቶ አልጫን ሲል ወይም ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) አልገባ ሲል፣ የተቸገረው ባለሙያ ማኅደሩን በሙሉ ለማንም ሰው ክፍት ያደርገዋል፤ በሊነክስ ቋንቋ ሦስት ሰባት ይሰጠዋል። ችግሩ ወዲያው ይጠፋል፣ በሩ ግን ለሁሉም ተከፍቶ ይቀራል። መፍትሔው የፋይሎቹን ባለቤትነት አፓቺ ለሚሠራበት ተጠቃሚ ሰጥቶ ማኅደሮችን በ755፣ ፋይሎችን በ644 መተው ነው። በተረፈ 1 ጊጋባይት ራም ያለው ትንሽ ሰርቨር ለአንድ ወረዳ ድረ ገጽ ይበቃል። ዳታቤዙ ራም ሲያንሰው በድንገት እንዳይቆም ግን ከዲስኩ ላይ 1 ወይም 2 ጊጋባይት የመጠባበቂያ ቦታ ይመደብለት።

አሁን ወደ ፊደሉ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ዕትም ነው። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የቁቤ ፊደል አንድ ባይት። አዲስ በተጫነ ኡቡንቱ ላይ ዳታቤዙ ሁለቱንም ያለ ችግር ይቀበላል። አደጋው ያለው ከአሮጌ ሆስቲንግ በሚመጣ ዳታ ላይ ነው። የድሮው ማይ ኤስኪውኤል ሳይነገረው ሲቀር የሚያስቀምጠው በላቲን አሠራር ስለነበር፣ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ዳታ ከማዛወር በፊት የዳታቤዙን የፊደል አሠራር ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሚመረጠውም ባለ አራት ባይቱ ዩቲኤፍ 8 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ ለገቡት የጉራጊኛ ተጨማሪ ፊደሎችም ቦታ ያለው እሱ ብቻ ነው።

የገጽ አድራሻ ላይ ያለው ችግር ግን በአዲስ ሰርቨርም ይገጥማል። ዎርድፕሬስ የአንድን ዜና አድራሻ የሚሠራው ከርዕሱ ነው፤ ለአድራሻውም ዳታቤዙ ውስጥ የሰጠው ቦታ 200 ምልክት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል አድራሻ ላይ ሲገባ ሦስቱ ባይቶች እያንዳንዳቸው በሦስት ምልክት ይጻፋሉ፤ አንድ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆነ ማለት ነው። «ከሚሴ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ስም 27 ምልክት ይፈጃል። በቁቤ ሲጻፍ ሰባት ፊደል ነው፣ ምልክቱም ሰባት። በዚህ ስሌት አንድ የአማርኛ አድራሻ ከ22 ፊደል አያልፍም። «የደዋ ጨፋ ወረዳ የዘር አቅርቦት ምዝገባ ነገ ይጀምራል» የሚል ርዕስ ቢጻፍ አድራሻው «ነገ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል ላይ ይቆረጣል። ሊንኩ በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው አማርኛው ሳይሆን የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ሰንሰለት ነው። እንዲህ ያለ ሊንክ የተላከለት ገበሬ ወይም ነጋዴ አጭበርባሪ የላከው ቢመስለው አይፈረድበትም። ጸሐፊዋ ከማተሟ በፊት አድራሻውን በእጇ አሳጥራ ብትጽፍ፣ ወይም ባለሙያው አድራሻው በቁጥር እንዲሆን ከመጀመሪያው ቢያዘጋጅ ነገሩ ያልቃል። ድረ ገጹ ሥራ ከጀመረ በኋላ ከተቀየረ ግን ቀድሞ የተላኩት ሊንኮች ሊሰበሩ ስለሚችሉ፣ ውሳኔው በተጫነበት ቀን ቢደረግ ይመረጣል።

ቁቤም የራሱ ፈተና አለው፤ እሱም ሁዳው ነው። በአፋን ኦሮሞ በቃላት መሀል የምትገባው ይህች ጭረት በኮምፒውተር የምትጻፈው በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ምልክት ነው። በዳታቤዝ ቋንቋ ደግሞ ይኸው ምልክት የጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ማሳያ ነው። በጥድፊያ የተጻፈ የቤት ውስጥ ፕሮግራም ላይ አንድ ባለጉዳይ ሁዳ ያለበትን ስሙን ቅጹ ላይ ሲሞላ፣ ዳታቤዙ ጽሑፉ መሀል ላይ ያለቀ ይመስለውና ስሕተት ያወጣል። ሰውየው ስሙን በትክክል ስለጻፈ መመዝገብ ያቅተዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ያው ክፍተት ሰርጎ ገቦች ትእዛዛቸውን ወደ ዳታቤዙ የሚያስገቡበት መንገድ መሆኑ ነው። ዎርድፕሬስና ድሩፓል ለዓመታት ተፈትነው ይህን የሚከላከሉበትን አሠራር ይዘዋል። አንድ ዞን ድረ ገጹን ለአንድ ፕሮግራመር ሰጥቶ ከባዶ ከሚያሠራ ይልቅ የታወቀ ሥርዓት ቢጭን የሚሻልበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ሆኖም ሁዳ በፍለጋ ላይ ያስቸግራል። ከወርድ ተገልብጦ የገባው ብዙ ጊዜ ጠመም ያለ ነው፣ በስልክ የሚጻፈው ቀጥ ያለ፤ ዳታቤዙ ሁለቱን አንድ አድርጎ አያያቸውም። በአማርኛውም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ እየተለዋወጡ ስለሚጻፉ ፈላጊው የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል። ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ወደ አንድ አጻጻፍ የሚያመጣ ትንሽ ፕለጊን ማዘጋጀት ለአንድ ጎበዝ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል።

የቆዩ ሰነዶች ጉዳይም አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ሆኖ ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ብቻ ነው። ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ብዙ ቢሮዎች ይህን ሲያዩ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስካን አድርገው በፎቶ ይጭኑታል። ያ ደግሞ በፍለጋ አይገኝም፣ በስልክ ለማንበብ ያደክማል፣ ዳታም ይበላል። አስፈላጊዎቹን ሰነዶች መርጦ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ አሰልቺ ቢሆንም ሌላ አማራጭ የለውም።

ከሦስቱ ሥርዓቶች ለሁለት ቋንቋ የሚመቸው የትኛው ነው? ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 8ኛ ዕትሙ ጀምሮ ብዙ ቋንቋን በራሱ ይዟል። እያንዳንዱ ጽሑፍ፣ ምድብና ሜኑ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ጁምላም ያለ ተጨማሪ ፕለጊን ይችላል። ዎርድፕሬስ ግን በራሱ አንድ ቋንቋ ብቻ ስለሚያውቅ ፖሊላንግን የመሰለ ፕለጊን ይፈልጋል፤ ወይም በአንድ ተከላ ሁለት ድረ ገጽ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። በቴክኒክ ብቻ ቢታይ ድሩፓል ይበልጣል። ነገር ግን ድሩፓልን ማደስ ከበድ ያለ እውቀት ይጠይቃል፣ የሚያውቀው ሰውም ጥቂት ነው። ዎርድፕሬስን የሚያውቅ ወጣት ከሚሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ዎርድፕሬስ ከፖሊላንግ ጋር ይበቃል። ድሩፓል የሚያዋጣው ዞኑ ሁሉንም ወረዳዎች በአንድ ሥርዓት ላሰባስብ ካለና ቋሚ ባለሙያ ከመደበ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል መሆን አለባቸው። በአማርኛ ሃያ ዜና፣ በአፋን ኦሮሞ አንድ የእንኳን ደህና መጣችሁ ገጽ ያለው ድረ ገጽ ለአካባቢው ሰው ንቀት ሆኖ ይሰማዋል፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። ለባቲ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ መታሰብ አለበት። የሰኞው ገበያ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነው፤ አፋርኛም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ በቴክኒክ በኩል የሚጨምረው ሸክም ትንሽ ነው።

ቀኑስ? ሥርዓቶቹ የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። አንዳንዱ ሠሪ ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ ያልፋል፤ ጳጉሜንና የመስከረም 1ን መዛወር ሲረሳ ዜናው የተሳሳተ ቀን ይይዛል። የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ላይ ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር። ዳታቤዙ በፈረንጅ ቀን ያስቀምጥ፤ ለአንባቢው ሲወጣ ግን ከላይ የተጠቀሰው ኢንትል ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመልሰው። ሰዓቱንም ሰርቨሩን በአዲስ አበባ ሰዓት አስተካክሎ፣ ስብሰባ የሚጠራ ጽሑፍ ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ አይመከርም፤ መብራት ሲሄድ ድረ ገጹም ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን ሲያዳርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት መዘረፉ ይታወሳል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ያለ መረጃ ከክፍሉ ጋር ይጠፋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜም፣ ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ለአዲስ አበባውና ለውጭ አገር ነዋሪው መከፈቱን አላቆመም። ለከሚሴው አንባቢ ግን የትኛውም ሰርቨር ያንን አይፈታለትም።

ከውጭ አገር መከራየት ርካሽ ይመስላል፤ በወር አምስት ዶላር ለትንሽ ሰርቨር የተለመደ ዋጋ ነው። የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር የዓመቱ ክፍያ 3,420 ብር ያህል ይሆን ነበር። ዶላር 120 ብር ሲገባ ያው ሰርቨር 7,200 ብር ሆነ። ከዋጋው ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን አከፋፈሉ ነው። መሥሪያ ቤቱ የዶላር ካርድ ስለሌለው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በአንድ ዘመድ ወይም በአንድ ሠራተኛ ካርድ ነው፤ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ወይም ካርዱ ሲያልቅ ድረ ገጹ ይዘጋል። በብር፣ በደረሰኝና በመሥሪያ ቤቱ ስም የሚከፈል የአገር ውስጥ አቅራቢ በዋጋ ቢበልጥ እንኳ ለመንግሥት ቢሮ የተሻለ ነው። ዶሜይኑም በኢትዮ ቴሌኮም በሚተዳደረው የአገሪቱ ዶሜይን፣ በኢቲ (.et) ሥር፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይመዝገብ።

ስለ ደኅንነት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዋናው ግን ማደስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ዎርድፕሬስ 4.7 ላይ በተገኘ ክፍተት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሽተዋል። ክፍተቱ ሲገለጽ ማስተካከያው ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። በነጻ የሚታደሉ የተሰረቁ ቴሞችን አለመጫን፣ «አድሚን» የሚለውን ስም አለመጠቀም፣ በኤስኤስኤች በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ መግባት፣ ከሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ የሚገኘውን የምስጢር ሰርተፍኬት መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰርተፍኬቱ ለ90 ቀን የሚሰጥ ስለሆነ በራሱ እንዲታደስ ይደረግ። ድረ ገጹ የሰው ስምና ስልክ የሚሰበስብ ከሆነም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይመለከተዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ርክክብ ነው። የዶሜይኑ፣ የሰርቨሩ፣ የዳታቤዙና የዎርድፕሬሱ ፓስወርድ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ ድረ ገጹ የዚያ ሰው ነው። በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ ባለሙያ በተቀየረ ቁጥር ይለወጥ። ባካፕም በየሌሊቱ በራሱ ተወስዶ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ፤ የዳታቤዙ ቅጂና የተጫኑት ፎቶዎች ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ባለሙያው ባካፑን ኡቡንቱ በተጫነበት አንድ ላፕቶፕ ላይ መልሶ ይትከለውና በሁለቱም ቋንቋ አምስት አምስት ገጽ ከፍቶ ይይ። ያ ላፕቶፕ አዲስ ሠራተኛ ሳይፈራ የሚለማመድበት ይሆናል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንትም ጸሐፊዋ የአማርኛውንና የአፋን ኦሮሞውን ጽሑፍ እዚያው አዘጋጅታ፣ መስመሩ ሲመለስ ወደ ዋናው ሰርቨር ታሻግረዋለች።